ካርታው በአድማሱ ስም ነው

የደብረ ታቦር ውል ማረጋገጫ ቢሮ ባለሙያ ትንሣኤ የቤቱን ካርታ ገልብጦ አየ፣ መልሶ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሻጯን ወይዘሮ ጥሩወርቅን ጠየቃቸው።

«አቶ አድማሱ ማን ናቸው?»

«ባለቤቴ ነበሩ።»

«ሞተዋል?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጥቁር ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «መንኩሰዋል» አሉ።

«እናቴ፣ እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። ሞተዋል ወይስ በሕይወት አሉ?»

«እንደ ሞተ ሰው ግንዘት ተነቦላቸዋል። ተዝካራቸውንም በቁማቸው አውጥተው ነው የሄዱ። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።»

«በሕይወት አሉ ማለት ነው» አለ ትንሣኤ፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎን የተቀመጠችው ገዥዋ እመቤት ደነገጠች። ነገሩን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ባልየው መነኩሴ መሆናቸውን ቤቱን ልታይ በሄደች ቀን ሻጯ ነግረዋታል። ካርታው ላይ ያለውንም ስም በዓይኗ አይታዋለች። ግን እሷ የጉና ሥር ገበሬ ልጅ ናት፤ የመነኮሰ ሰው ለዓለም የሞተ ነው ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ውሉን የጻፉት የሰፈሩ ጸሐፊም ያደጉት እንደዚሁ ነው፤ በምስክርነት የፈረሙት ሦስት ሽማግሌዎችም እንዲሁ። «የሻጭ ባለቤት መንኩሰው ተዝካራቸው የወጣ በመሆኑ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ሦስቱም ተዝካሩን በልተዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አራት የተከበሩ ሰዎች ተሰብስበው አንድ በሕይወት ያለ ሰው ገደሉ፣ እመቤትም በዚያ ላይ ቀብድ ከፈለች።

ትንሣኤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሰውየው ሞተው ቢሆን የሞት ማስረጃና የወራሽነት ውሳኔ ይቀርባል፣ ወይዘሮዋም ወራሽ ሆነው ይሸጣሉ። በሕይወት ካሉ ግን ባለካርታው ራሳቸው ናቸው፤ እዚህ ቀርበው መፈረም አለባቸው። ውክልና መስጠትም ይችላሉ፣ ለውክልናውም ቢሆን በአካል መቅረባቸው አይቀርም። ያለበለዚያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

«ፍርድ ቤት ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች እመቤት።

«ቀን?» አለና ትንሣኤ ሊስቅ ከጀለው፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። «በወር ቁጠሪው፣ እህቴ።»

ከበሩ ጎን አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት» ይላል ርእሱ። ካርታው በማን ስም ነው? ባለስሙ በሕይወት አሉ? ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛቸው ተስማምተዋል? ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ አለ? የዓመቱ ግብር ተከፍሏል? የስም ማዛወሪያውን የሚከፍለው ማን ነው? ሁሉም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ሰው ግን ማስታወቂያ የሚያነበው ወረፋ ሲጠብቅ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ደግሞ ከከፈለ በኋላ ነው። እመቤት አስተማሪ ናት፣ ልጆችን ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ እያለች የምትቆጣ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችውና ራሷን ልትመታ ቃጣት።

ቀኑ ሰኔ ሃያ አራት ነበር። እመቤት ለቤቱ የሚሆነውን ብድር ከመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር አስፈቅዳለች። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ዳኛቸው ደግሞ አስቀድሞ ነግሯታል፤ ሰኔ ሠላሳ መዝገብ ይዘጋል፣ የተረጋገጠ ውል እስከዚያ ካልቀረበ ብድሩ ይሰረዛል፣ ተራዋም ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ኋላ ማለት ሦስት ዓመት ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሰባት የኪራይ ቤት ቀይራለች። አንዷ አከራይ ውኃ በዛብኝ ብላ አስወጣቻት፣ ሌላው ወንድሜ ሊያገባ ነው አለ፣ አሁን ያሉት ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ሌላ ፈልጊ ብለዋታል። ያም ሆኖ እንቅልፍ የነሳት የቤት ማጣቱ አልነበረም። ለቀብዱ የእሷ ቁጠባ አልበቃ ሲል አባቷ ጥማድ በሬያቸውን ሸጠው ሞልተውላታል። ስም ሲዛወር ከብድሩ ላይ ተቀንሶ በሬ ሊገዛላቸው ነው የተባባሉት። ገበሬ በሰኔ ያለ በሬ ቀርቷል።

ከቢሮው ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። ዝናቡ ከባድ ነው፣ ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነገ በጠዋት እንሂድና እናምጣቸው» አለች እመቤት።

«አልሄድም።»

«ገዳሙ እኮ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።»

«ሩቅ ነው አላልኩም። አልሄድም ነው ያልኩሽ።»

«ቀብዱንስ?»

«ቀብዱ ይፋግ ነው፣ ታውቂያለሽ። እህቴ አጠገብ ላለችው ቤት ከፍዬዋለሁ። ቤቴ ካልተሸጠ እሱም እንደሄደ ነው።» ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዝናቡን እያዩ ነበር የሚናገሩት። «አንድ ልጃችን ሲሞትብን እዚች ቤት መቀመጥ አቃተው። ልመንኩስ አለኝ፣ ያለ እኔ ፈቃድ አይሆንለትምና ፈቀድሁ። ደግሼ፣ ጥቁር ለብሼ፣ አልቅሼ ሸኘሁት። አልቅሼ የጨረስሁትን ሰው አሁን ለወረቀት ብዬ ከመቃብር ላውጣው?»

«እንግዲያው የተቀበርኩት እኔ ነኝ» አለች እመቤት። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ይቅርታ ሳትጠይቅ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ማታ አባቷ ይሻው ደወሉ። ከበስተጀርባቸው የዝናብ ድምፅ ይሰማል።

«ልጄ፣ ቤቱ አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው፣ አባዬ። እርስዎስ፣ እርሻው እንዴት ሆነ?»

«አለ። የጎረቤታችንን የታምራትን በሬዎች ለምኛለሁ፣ የራሱን ሲጨርስ እሰጥሃለሁ ብሎኛል። አንቺ አትጨነቂ፣ ዋናው ቤቱ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባቷ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ በሕይወታቸው የሰው በሬ ለምነው አያውቁም።

ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን እመቤት ብቻዋን ሄደች። ያን ሰሞን መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ የዚያን ዕለት ክፍት ነበር። ሚኒባሱ በእስቴ መንገድ አንድ መገንጠያ ላይ ጣላት፣ ከዚያ በእግሯ ቁልቁል ወረደች፣ ወንዝ ተሻግራ አቀበት ወጣች። ገዳሙ በር ላይ አንድ ሽማግሌ በረኛ መቋሚያቸውን አጋድመው አቆሟት። ሴት ከዚህ አታልፍም አሏት። እንደማታልፍ ታውቃለች። በምንኩስና ስማቸው አባ ገብረእግዚአብሔር የተባሉትን አቶ አድማሱን አስጠርታ ጽድ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች።

ብዙ አስጠበቋት። ሲመጡ ያሰበችው ዓይነት ሰው አልነበሩም። ረዥም ናቸው፣ ጢማቸው ነጭ ነው፣ እጃቸው ግን የግንበኛ እጅ ነው፤ ቤቱን ራሳቸው እንደሠሩት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነግረዋታል። መስቀላቸውን ተሳለመች። እሳቸው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«የመጣሽበትንም፣ ሰኔ ሠላሳ መዝገብ እንደሚዘጋም ነግረውኛል። አድማሱ የሚባል ሰው እዚህ የለም።»

«አባታችን፣ ካርታው ላይ አለ።»

«ካርታው የዓለም ነው።»

«ቤቱም የዓለም ነው። እኔም ዓለም ውስጥ ነው ያለሁ።»

አባ ገብረእግዚአብሔር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ አላስቸግርሽም ብዬ ነው እውነቱን የምነግርሽ። እኔ እዚያ ቢሮ ሄጄ አድማሱ ነኝ ብል፣ ዘጠኝ ዓመት የጾምሁት፣ የሰገድሁት ለማን ሊሆን ነው? የሞተ ሰው አይፈርምም።»

እመቤት በመንገዱ ሁሉ ለስላሳ ለስላሳ ቃል ስትመርጥ ነው የመጣችው። አንዱም አልመጣላትም።

«አባቴ ጥማድ በሬውን ሸጧል» አለች። «ፈርሙ አትፈርሙ ማለት አልችልም። እግዚአብሔር ከሆነ የሚከለክልዎ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ብቻ ያለ በሬ የቀረው ገበሬ እርስዎን በስም እንኳ አያውቅዎትም። ለእርስዎ ሞት ለምን እሱ ተዝካር ያውጣ?»

ለመነኩሴ እንዲህ መናገሯን ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ደነገጠች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሚገሥጿት መስሏት ስትጠብቅ አባ ሌላ ነገር ጠየቁ።

«እግሯ ተሻላት?»

«የማን?»

«የእሷ። ክረምት ሲገባ ጉልበቷን ያማት ነበር።»

እመቤት ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። «አላውቅም፣ አባታችን። ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ ይዘው ነው።»

«ቤቱን ወዳ ነው የምትሸጠው?»

«ብቻቸውን ናቸው። ይፋግ እህታቸው አጠገብ ሊገቡ ነው።»

«ለምን አብራሽ አልመጣችም?»

«አልቅሼ ጨርሻለሁ ነው ያሉኝ።»

አባ እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «እኔ ያለ አበምኔቱ ፈቃድ ከዚህ አጥር አልወጣም» አሉና ገቡ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። እመቤት ይህንን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች፣ አቀበቱን ወጣች፣ እስከ ደብረ ታቦር ድረስም ይመጣሉ፣ አይመጡም እያለች ስትመዝን መጣች።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ቢሮው ሲከፈት እሷ በሩ ላይ ነበረች። ቦርሳዋ ውስጥ ማኅበሩ በብድሩ ያሠራው፣ ውሉ ሲፈረም ለሻጯ የሚሰጠው የባንክ ሲፒኦ አለ። ዳኛቸው የመጨረሻውን ቃል ነግሯታል፤ ውሉ እንደተፈረመ በስልክ ፎቶ አንስታ ትላክለት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡን ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ አባቱም ቢመጣ አይከፍትም።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። በእስቴ በኩል መንገድ ተዘግቷል የሚል ወሬ መጣ። ከምሳ በኋላ ተከፍቷል አሉ። ከዚያ እንደገና አልተከፈተም ተባለ። እመቤት ከማን እንደምትሰማ እንኳ ሳታይ እያንዳንዱን ወሬ አመነች። ስምንት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግድግዳውን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

«ይመጣሉ ብለው ነው?» አለች እመቤት።

«እሱን አላውቅም። ሸጫለሁ ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሻጯ ቀረች እንዳይባል ነው የመጣሁ።» ከእሷ ራቅ ብለው ተቀመጡ። በረንዳው ላይ ከተነጋገሩት በኋላ አልታረቁም፣ አሁንም የሚታረቁ አይመስሉም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት። ትንሣኤ ሌሎች ባለጉዳዮችን እያስተናገደ በየመሀሉ ወደ እመቤት ያያል፣ ዓይኗን ሲያገኝ ዓይኑን ይሰብራል። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ወንበር ይዘው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ብድግ አሉ። አባ ገብረእግዚአብሔር በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከመንገዱ ግማሹን በእግራቸው ነው የመጡት። ወረፋው ሁሉ መስቀል ሊሳለም ተነሣ፤ በዚህ ብቻ ስድስት ደቂቃ አለቀ፣ እመቤት እያንዳንዷን ቆጠረቻት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም፣ ቀናም አላሉም።

ከዚያ የመታወቂያው ጣጣ መጣ። አባ ያመጡት አሮጌ መታወቂያ ጊዜው ካለፈ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአበምኔቱ ደግሞ አባ ገብረእግዚአብሔር በዓለም ሳሉ አድማሱ ይባሉ እንደነበር የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘዋል። ትንሣኤ ሁለቱን ይዞ ወደ ኃላፊው ክፍል ገባ። ሲወጣ አሥር ሰዓት ከአርባ ሁለት ነበር። «ይቻላል» አለ። እመቤት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«አባታችን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና መጠየቅ አለብኝ። ስምዎ?»

«አድማሱ።» ቃሉን ለማውጣት ጊዜ ወሰደባቸው።

«የጋብቻ ሁኔታ?»

«ይህኛውን እለፈው» አሉ አባ።

«መዝለል አልችልም» አለ ትንሣኤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተፋታ ካልኩ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠየቃል፤ ያላገባ ካልኩ ውሸት ይሆናል።»

«ያገባሁ ነኝ።»

«የባለቤትዎ ስም?»

«ጥሩወርቅ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ባላቸው ጎንበስ ብለው በውሉ ሦስቱም ቅጂ ላይ ፈረሙ። ትንሣኤ እስክሪብቶውን ለወይዘሮዋ አቀበላቸው። አሥር ሰዓት ከሃምሳ አንድ ሆኗል። የእመቤት ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጠራ፤ ዳኛቸው ነው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እስክሪብቶውን ያዙ እንጂ አልፈረሙም።

«አድማሱ» አሉ።

ባለጉዳዩ ሁሉ ዞሮ አየ። መነኩሴን በዓለም ስሙ የሚጠራ ሰው ማንም ሰምቶ አያውቅም።

«ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ በሱ አልወቅስህም። ስትሄድ ላሚቱን ለእህትህ ሰጠህ። የግንባታ ዕቃህን ለጓደኛህ ለሲሳይ ሰጠህ። ጋቢህን እንኳ ለለማኝ ሰጥተህ ነው የሄድክ። ማዘጋጃ ቤት ከቤታችን አምስት ደቂቃ ነው። ቤቱን ለምን በስምህ ተውከው?»

እመቤት ይፈርሙ ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሦስት። በዚህች ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የአባቷ በሬ ነው፣ የእሷ አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ አሁን ጨዋታ ጀመሩ። እንዲህ አሰበች፣ በማሰቧም ራሷን ጠላች፣ ግን ማሰቧን አልተወችም። የሰውየው አንድ ቃል ሴትዮዋን ሊያስነሣቸው ይችላል። እስክሪብቶውን ጥለው ቢወጡ የሚከለክላቸው የለም።

አባ ገብረእግዚአብሔር መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የምመለስ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ እመለሳለሁ እያልኩ ነው ያደርሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርሁ።»

ስልኩ እንደገና ጠራ። ማንም አላነሣውም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባላቸውን ብዙ አዩአቸው። «እኔም ከዚች ልጅ በፊት ሦስት ገዥ መልሻለሁ» አሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ሦስቱም ላይ ፈረሙ።

እመቤትም ፈርማ ሲፒኦውን ሰጠች፣ ትንሣኤ ማኅተሙን መታ፣ እመቤት ፎቶ አንስታ ላከች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው «ደርሷል» የሚል መልስ መጣላት። ስም ማዛወሩ በሐምሌ ያልቃል፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት ትንሣኤ። እመቤት አሜን አለች። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግድግዳውን ይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ፤ አባ ደግሞ ሁለት ደረጃ ከኋላቸው ሆነው፣ ይዤ ልደግፍ ማለት ስለማይችሉ፣ እሳቸው አንድ ሲወርዱ አንድ እየወረዱ ይከተላሉ። ታች ሲደርሱ አንዱ ወደ መናኸሪያው፣ አንዷ ወደ ሰፈር ሄዱ። እመቤት የቤት ባለቤት በሆነችበት በዚያ ደቂቃ የቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና፣ ሰው ደስ ብሏት ነው እያለ እያለፈ፣ እንባዋን መግታት አቃታት።